ሁለት ሚሊ ወይስ ሦስት

ውድ ወንድሜ፣

በመጨረሻው ስልክህ የጠየቅከኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሁለት ነው ሦስት?» መልሱን እዚሁ ደብዳቤ ውስጥ ታገኘዋለህ፤ ግን መጀመሪያው መስመር ላይ አልጽፍልህም። አውቅሃለሁ። መልሱን ካየህ ቀሪውን አጣጥፈህ የዘይት ጣሳ ትከድንበታለህ። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብብ። ትዕግሥት እንዳልፈጠረብህ አሳዳጊህ ነኝና አይጠፋኝም፤ ዛሬ ግን ከሰው ተበድረህም ቢሆን ታገስ።

ላልገባው ሰው ነገሩ የብረት ውፍረት ጉዳይ ይመስላል። አንዲት ሚሊሜትር ናት፤ የጥፍር ውፍረት ብትሆን ነው። እኔ ግን ሞተሩን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ከዘረጋሁት ጀምሮ የበላሁት አይጥመኝም። በዚያ መኪና ውስጥ ሁለት ወንበር ነው ያለው። በአንዱ የምትቀመጠው አንተ ነህ። በሌላው መንገዱን እያነበበልህ የሚቀመጠው ባሌ ነው። ከእማዬ በቀር በዚህ ዓለም ያለኝ ሰው ሁሉ አንድ መኪና ውስጥ ገብቶ ዳገት ለዳገት ይሽቀዳደማል፤ የዚያን መኪና ሞተር የምገጥመው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ ሚሊሜትር ሳስብ ስለ ሚሊሜትር ብቻ እያሰብኩ እንዳይመስልህ።

ባለፈው ውድድር የሆነውን አንተ ለሁሉም አውርተሃል። እኔም ሰምቼሃለሁ። የእማዬ ሳሎን በጠያቂ ሞልቶ፣ አንተ መሀል ቆመህ፣ እጆችህ መሪ እንደያዙ ሆነው ነበር። «እየበረርን ነው» አልክ። «ከላይ የቀረን ትንሽ ነው፤ አንደኛ ልንወጣ ነው። ድንገት ጧ! ሞተሩ ጸጥ። የጫፍ ምላጯ ተሰበረች። ቀጭን ናታ! እትዬን ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ!» ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ የሻይ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። እማዬም አየችኝ። እሷ እንኳ እንደዚያ በወቀሳ ዓይን አይታኝ አታውቅም። ባሌ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ጫማውን ያይ ነበር።

ዝም አልኩ። የምለው አጥቼ አይደለም። ሞተሩን ገና አልከፈትኩትም ነበርና ያላየሁትን ነገር መናገር አልወድም። ሻዩን አደልኩ፤ ላንተም ሰጠሁህ፤ ስኳር ጨምሪልኝ አልከኝ፤ ጨመርኩልህ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ያኔ ገባኝ።

በማግስቱ መኪናውን ጋራዥ አስገባሁት። እኔ እንዴት እንደምሠራ ታውቃለህ፤ አንተ ግን ረስተኸዋል። ያስተካከልኩትን ብሎን ሁሉ ካጠበቅኩ በኋላ በጥፍር ቀለም ቀይ መስመር አሰምርበታለሁ፤ ግማሹ ብሎኑ ላይ፣ ግማሹ መቀመጫው ላይ። ማንም ካልነካው መስመሩ እንደተያያዘ ይኖራል። በዕድሜዬ ጥፍሬን ተቀብቼ አላውቅም፤ ሱቁ ውስጥ ያለችው ልጅ ግን ጠርሙስ በጠርሙስ ስገዛ «ሲያምርብሽ ማየት ናፈቀኝ» ትለኛለች። እና መጀመሪያ ያየሁት ያንን የግፊት ብሎን ነው፤ በስንት ልመና ከመሪው ሥር ያስገባሁልህን። ቱርቦው ምን ያህል አየር እንደሚያፍን የሚወስነው እሱ ነው። ቀዩ መስመር ተሰንጥቆ ነበር። ሁለቱ ግማሾች አልተገናኙም። ጠምዝዘኸው ነበር፤ ኋላ ልትመልሰው ሞከርክ፤ ስትመልሰው ደግሞ አሳለፍከው። ምን ጊዜም እንደዚሁ ነህ፤ ስትሄድም ስትመለስም ልክ የለህም።

ከዚያ ሞተሩን ከፈትኩት። የፊተኛው ሮተር፣ ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ብረት፣ ምላጩ ሦስት ቦታ ተሰብሯል። የካንዴላው ሸክላ ተሰንጥቋል። የውስጡ ግድግዳ በድመት ጥፍር የተቧጨረ ይመስላል። ስብርባሪው በጭስ ማውጫው በኩል ወጥቶ የቱርቦውን ክንፎች በልቷቸዋል። ይህ የብረት ድካም አይደለም፤ ወንድሜ። ሞተር ከአቅሙ በላይ አየር ሲታፈንበት፣ እሳቱ ያለጊዜው ፈንድቶ ውስጥ ለውስጥ ሲያንኳኳ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ይሉሃል ይሄ ነው።

ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ። ጨርቅ ቤንዚን ነክሬ ያንን ቀይ መስመር ጠረግኩት። ባሌ እንዳያየው ነው። ቢያየው አጠገብህ ደግሞ አይቀመጥም፤ ካልተቀመጠ ደግሞ አንተ ለምን ትላለህ፤ ከዚያ ነገር ይወጣል፤ ነገር ሲወጣ ቤታችን ለሁለት ይከፈላል። ተናድጄብህ እንኳ የምጠብቅልህ እኔው ነኝ። እንዲህ ዓይነት እህት ገበያ ላይ አይገኝም።

ወራት አለፉ። ሞተሩን በክፍል በክፍሉ አጠብኩት፤ አዲስ ግድግዳ አገኘሁለት፤ ቱርቦውን አሠራሁት። የቀረው ምላጩ ብቻ ሆነ። የዚያን ጊዜ ነው እማዬ ጋራዥ የመጣችው። እማዬ ጋራዥ እንደማትወድ ታውቃለህ፤ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ግድግዳ ሳትነካ፣ በጫማዋ ጫፍ ነው የምትራመደው። ወንበር ላይ ጋዜጣ አነጠፍኩላት።

«ልጄ ጠንካራውን አድርጊልኝ ብሎሽ እንቢ ብለሻል አሉ» አለችኝ።

«እንቢ አላልኩም። እያሰብኩ ነው።»

«ምኑ ያሳስባል? ጠንካራና ደካማ ካለ ሰው ጠንካራውን ነው የሚመርጠው። እስቲ እኔም ይግባኝ፤ አሳዪኝ።»

ሮተሩን አሳየኋት። ሦስት ጫፍ ያለው ብረት ነው፤ እንዲህ እያለ እቤቱ ውስጥ ይዞራል አልኳት። በየጫፉ ጣት የምታህል ቀጭን ብረት አለች፤ ግድግዳውን እየታከከች ትሄዳለች። በዚህ በኩል ያለው እሳት ወደዚያ እንዳያልፍ የምትዘጋው እሷ ናት። ስሟ ረጅም ስለሆነ እኛ ምላጭ እንላታለን።

እማዬ ምላጯን በሁለት ጣቷ አንስታ አየቻት። «ብርድ እንዳይገባ በር ሥር የምወትፈው ጨርቅ ማለት ነው» አለች።

«ልክ እንደሱ።»

«እና ለጨርቅማ ወፍራሙ አይሻልም?»

ከእማዬ ጋር እንዴት ትከራከራለህ? ቀጭኗ፣ ሁለት ሚሊዋ፣ ቀላል ናት፤ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ግድግዳውን ሳትለቅ ትከተላለች አልኳት። ወፍራሟ፣ ሦስት ሚሊዋ፣ ትከብዳለች፤ ሞተሩ በኃይል ሲዞር ግድግዳውን ትፍቃለች፤ ጠዋት ሞተሩ ለመነሳት ይለግማል። ደግሞ ወፍራሟን ለማስገባት የምትቀመጥበት ቦይ መስፋት አለበት፤ ከሰፋ በኋላ ቀጭኗ ብትፈለግ መመለሻ የለም። እማዬ ሁሉንም ሰማችኝና ምላጯን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም» አለችኝ። «የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ልጄን ቀጭን ነገር ላይ አታስቀምጪብኝ።»

አንተ የነገርካትን አምና ነው እንዲህ የምትለው። አንድ ቃል ብናገር ያን ዕለት ሊያልቅ ይችል ነበር። «እማዬ፣ ብረቱ አይደለም፤ የልጅሽ እጅ ነው» ብላት ቤቷ ሄዳ ታለቅሳለች፤ ካንተ ስልክ በተደወለ ቁጥር ልቧ ይዘላል። ስለዚህ እሺ አልኳትና እስከ በሩ ሸኘኋት። ስትወጣ ጉንጬን ሳመችኝ። ያ አስተያየቷ ግን ፊቷ ላይ ነበር።

በሚቀጥለው ቀን አንተ ደወልክ። እዚያ ተራራው ሥር ሆነህ መንገዱን በእግርህ እያጠናህ ነበር፤ ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይሰማል።

«እትዬ፣ ሦስት አድርጊው። አለቀ።»

«ቦዩ አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም እኮ።»

«ማን ይመለሳል?»

«ግድግዳውን ይፍቅብሃል።»

«ይፋቅ! እኔ የምፈልገው የማይሰበር ነው። ቱርቦውን ለጌጥ ነው እንዴ ያሰርነው?»

«ቀጭኗም ብትሆን እኮ ዝም ብላ አትሰበርም። ግፊቱ ካልበዛ...» አልኩና አቆምኩ። አውቄ ነው ያቆምኩት። የምትናገረው ካለህ በሩን ልክፈትልህ ብዬ ነው።

«ግፊቱማ ያው አንቺ ያልሽው ነው፤ አልነካሁትም» አልከኝ።

አልጠየቅኩህም ነበር። ሳልጠይቅህ መለስክልኝ። ስልኩን ዘጋሁ። ትዝ ያለኝ ያ የጥርስ ሐኪሙ አሮጌ መኪና ነው፤ ከክሊኒኩ ጓሮ ሸራ ለብሶ የኖረው። ይህ ሞተር የወጣው ከሱ ነው። ሐኪሙ «እስቲ ካስነሳችሁት ውሰዱት» ብሎን አንተ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ስትሰማ እጄን ጨምቀህ ያዝከኝ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ሞተር አይደለም፤ ንብ ነው» አልከኝ። ያኔ ስለ ማንም አትዋሽም ነበር፤ ስለ ራስህ እንኳ። ያንን ልጅ ነው ስልኩ ውስጥ የፈለግኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ትናንት ጠዋት ሁለቱን ሮተሮች በአሮጌ ፎጣ ጠቅልለን፣ ሳጥን ውስጥ አድርገን ባለ ቶርኖው ሽማግሌ ቤት ሄድን። ሳጥኑን የተሸከመው ባሌ ነው። ቦዩን ለማስፋት ከሳቸው እጅ ሌላ የማምነው የለም። ሽማግሌው ሮተሩን ማሽኑ ላይ አሰሩት፤ ለኩት፤ ፈትተው እንደገና አሰሩት፤ ደግመው ለኩት።

«አሥር ጊዜ ለክቶ አንዴ መቁረጥ ነው» አሉ። «ልጄ፣ ይሄ ብረት ነው፤ ፀጉር አይደለም። ከተቆረጠ አይበቅልም። ልጀምር?»

«ይጀምሩ» አልኳቸው።

መቁረጫው መዞር ጀመረ። ወደ ሮተሩ ሲጠጋ፣ ገና ሳይነካው፣ «ቆይ!» አልኩ። አቆሙት። ደግሞ «ይሁን» አልኩ። አስነሱት። ደግሞ «ቆይ!» አልኩ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት።

«ብዙ ሙሽራ ድሬያለሁ» አሉኝ፤ «እንዳንቺ የምታመነታ ግን አላየሁም።»

ባሌ ጠጋ አለኝ። አንተ ባሌን በደንብ ታውቀዋለህ፤ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ የሚኖር ሰው ነው። መኪና ውስጥ መንገድ ሲያነብልህ ካልሆነ በቀር ቃል ከአፉ የሚወጣው በስንት ልመና ነው።

«ምንድነው ያስቆመሽ?» አለኝ።

«ከተቆረጠ አይመለስም።»

«እሱንማ ትናንትም ታውቂዋለሽ።»

ዓይኔን ከሮተሩ አላነሳሁም። እሱ ወደኔ ጎንበስ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እጁን አየሁት» አለኝ።

«የማንን እጅ?»

«የወንድምሽን። ከመታጠፊያው በፊት። 'ቀኝ፣ እየጠበበ የሚሄድ፣ ቀድመህ ፍሬን ያዝ' ብዬ አነበብኩለት። ፍሬን መያዝ ሲገባው እጁ ከመሪው ሥር ገባ። ብሎኑን ጠመዘዘው።»

«እና እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?»

«ወንድምሽ ነው። ምን ብዬ ልንገርሽ?» አለኝ። «አንቺስ? ቀለሙን የጠረግሽው መቼ ነው?»

ከብሎኖቼ ሁሉ ቀይ መስመር የሌለው እሱ ብቻ ነበር፤ ባሌ ያንን ለማየት ዓይን አያንሰውም። አየህ ወንድሜ፣ አንድ አልጋ ላይ የምንተኛ ባልና ሚስት፣ አንዳችን ከሌላችን ቁጣ አንተን ለማዳን ብለን ለወራት አንዱ ከአንዱ ተደበቅን። እሱ እጅህን ማየቱን እኔ እንዳላውቅበት፣ እኔ ደግሞ ቀለሙን መጥረጌን እሱ እንዳያውቅብኝ። በዚህ መሀል አንተ ስኳር አስጨምረህ ሻይ ትጠጣለህ።

ሽማግሌው ማሽኑን አጠፉት። «ቤተሰብ ልታስታርቁ ነው ወይስ ብረት ልታስቆርጡ?» አሉ። ሄደውም ራቅ ብለው ተቀመጡ።

«ከመታጠፊያው ወዲያ ምን እንደነበር ነግሮሻል?» አለኝ ባሌ።

«ምን ነበር?»

«ዝናቡ ከዳገቱ አፈርና ጠጠር አውርዶ መንገዱን አልብሶታል። ሞተሩ ሲሞት ፍጥነታችን ወደቀ፤ እየተንሸራተትን ጥጉ ላይ ቆምን። ወርደን በእግራችን ስንታጠፍ አየነው። በዚያ ፍጥነት ብንገባበት አንታጠፍም ነበር። ከታች ገደል ነው።»

«እሱም አየው?»

«አየው። አየና ፊቱን አዞረ። ከዚያ ወደ መኪናው ተመልሶ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ስቀር፣ ብሎኑን ሲመልስ አየሁት።»

ይህንን የምጽፍልህ ተናድጄ ነው። አይተኸዋል። ጠጠሩን አይተሃል፤ ገደሉን አይተሃል። ያቺ ምላጭ ባትሰበር ኖሮ የት እንደምትሆን፣ ባሌ የት እንደሚሆን አውቀሃል። አውቀህ ነው እማዬ ሳሎን መሀል ቆመህ «ቀጭን ናታ!» ያልከው። አውቀህ ነው ሰዉ ሁሉ ዞሮ እንዲያየኝ ያደረግከው። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ወሰንኩ። እውነቱን ነው የምነግርህ፤ መጀመሪያ የወሰንኩት ቀጭኗን ነው። «ይጠቅልሉልኝ» አልኳቸው ሽማግሌውን። ለባሌም ሐሳቤን ነገርኩት፤ ሁለት ሚሊዋን አስገብቼ ሞተሩን እዘጋና «ሦስት ነው» እልሃለሁ። ሞተር ከተዘጋ በኋላ ማን ያየዋል? አንተ ጨዋ ሆነህ ከነዳኸው ምንም አይሆንም። ካበድክ ደግሞ እንደ ባለፈው ተሰብራ ታቆምሃለች። እማዬም ጠንካራ ነው ብላ ትተኛለች። ሁሉም ሰላም።

ሽማግሌው ነገሩን ከሩቅ ሰምተውት ኖሮ «ጥሩ አሰብሽ፤ ባለውለታ አይጣልም» አሉና ሮተሩን ሊፈቱ ተነሱ።

ባሌ ግን ፎጣውን ከእጄ ወሰደው።

«እሱ ዋሸን» አለኝ። «አንቺም ልትዋሺው ነው? ከዚያ እዚያ መኪና ውስጥ ማነው ማንን የሚያምነው?»

«ገደል ከምትገቡ ብዋሽ ይሻለኛል።»

«ባለፈው ከመታጠፊያው በፊት ተሰበረች። በሚቀጥለው መታጠፊያው መሀል ብትሰበርስ? መኪና እየታጠፈ ጉልበት ሲከዳው ወዴት እንደሚሄድ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

አውቃለሁ። ያቺ ቀጭን ብረት ባለፈው አዳነቻችሁ ብዬ ልቤን ጥዬባት ነበር፤ ግን የት ቦታ እንደምትሰበር እሷ አትመርጥም። ያን ዕለት የተረፋችሁት በአጋጣሚ ነው። ደግሞም እዚያ ቆሜ ሳስበው፣ ሥራዋ እሱ አልነበረም። የሷ ሥራ እሳት እንዳያልፍ መዝጋት ነው። አንተን «በቃህ» ማለት የኔ ሥራ ነበር፤ ዝም አልኩ። የባሌ ሥራ ነበር፤ ዝም አለ። ከሁላችንም በፊት ያንተ ሥራ ነበር። ሦስት አዋቂ ሰው ያልሠራውን ሥራ ለሁለት ሚሊ ብረት አሸክሜ ልልክህ ነበር።

«ይቁረጡት» አልኳቸው።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«አይደለሁም። ይቁረጡት።»

ቆረጡት። የብረቱ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ እግራችን ሥር ሲወድቅ ቆሜ አየሁ። ከመጀመሪያው ቦይ በኋላ ሌላ «ቆይ» አላልኩም። ሲጨርሱ አዲሷን ምላጭ በየቦዩ ሞከሯት፤ ሳትጠብቅ ሳትላላ ገባች። ሽማግሌው ሮተሩን በፎጣ እየጠረጉ «ብረቱ አልቋል፤ ሌላውን እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ።

እንግዲህ መልስህ ይኸው። ሦስት ነው። ሦስት ሚሊ፤ በጠንካራ ሞላ፤ ሌሊቱን በገዛ እጄ የገጠምኩት። ጠዋት ይለግምብሃል፤ አትሳደብ፤ ሙቀት እስኪያገኝ ጠብቀው። ጫፍ ድረስ እያስጮህክ አትንዳው፤ ግድግዳውን ይበላል። ከሁሉ በላይ ግን ይህን ስማ። ከአሁን በኋላ ሞተሩ ሲያንኳኳ ምላጯ አትሰበርልህም። ዱላው የሚያርፈው ውስጥ፣ ሮተሩ ላይና ኩሽኔታው ላይ ነው፤ አንተም የምትሰማው ዘግይተህ ነው። ስትፈልገው የነበረው ይህ ነው፤ ቀድሞህ የማይደክም ሞተር። አገኘህ። መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው፤ እየጠበበ የሚሄደውም መታጠፊያ አልሰፋም። የግፊቱን ብሎን ነቅዬ ላስቀረው አስቤ ነበር። ተውኩት። ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ ሌላ እንደምታስገባ አውቃለሁ፤ ያንተ እጅ ብሎን አያጣም።

አሁን ስለ ወንበሩ። ትናንት ቤት ስንገባ ባሌን «አትሂድ» አልኩት። አልደብቅህም፤ ብዬዋለሁ። አልቅሼም ብዬዋለሁ። «ሞተሩን በጭነት መኪና እንላክለት፤ አንተ እዚህ ቅር፤ ሌላ መንገድ አንባቢ ይፈልግ» አልኩት። ሲያዳምጠኝ ቆየ።

«ሞተሩን እኔ እወስድለታለሁ» አለኝ። «እዚያ ስደርስ ራሱ በአፉ ከነገረኝ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ካልነገረኝ ሞተሩን አስረክቤው በመጣሁበት መኪና እመለሳለሁ። ምንም አልለውም።»

«እንግዲያስ እኔ ልጻፍለት?»

«ጻፊለት። ሁሉንም ጻፊለት።»

«እንደምታውቅ ከነገርኩትማ ቢናገርስ ምን ዋጋ አለው?»

«እጁን አይቼዋለሁ» አለኝ። «አሁን የምጠብቀው አፉን ነው።»

ልለውጠው አልቻልኩም። አንተም ብትሆን አትለውጠውም። ጠዋት ሞተሩን ሲጭን ልብሱን በሁለት ቦርሳ አዘጋጀሁለት፤ አንዱ ለዛሬ መመለሻ፣ አንዱ እስከ ውድድሩ ለመቆየት። የትኛውን እንደሚከፍት የምታውቀው አንተ ነህ።

እማዬ ምንም አታውቅም፤ ከኔም አትሰማም። ለሷ መንገር አለመንገር ያንተ ነው፤ ብትነግራት አትሞትም፤ ከምታስበው በላይ ጠንካራ ናት። እኔን እንደ ድሮው እንድታየኝ ስል አልገፋህም። የኔ ነገር ይቆይ። እኔ እህትህ ነኝ፤ ተቆጥቼም ተናድጄም የትም አልሄድም። እሱ ግን መሄድ ይችላል፤ እዚያ ዳገት ላይ ከጎንህ ተቀምጦ ሕይወቱን በእጅህ ላይ የሚያኖረው ግዴታ ስላለበት አይደለም፤ ስለሚወድህ ነው።

ይህን ወረቀት በእጅህ የሰጠህ እሱ ነው፤ አሁንም ከፊትህ ቆሟል። ሰው ሲያፍር ማየት ስለማይወድ ወደ ሌላ ቦታ የሚያይ ይመስል ይሆናል። አትመነው፤ እየጠበቀህ ነው። ለኔ መልስ አትጻፍልኝ። ወረቀቱን እጠፈውና ቀና በል። «ጋሼ» ብለህ ጀምርለት።

የምትወድህና የተቆጣችህ
እህትህ